ካናቢኖልና የበጌምድር ጋያ፤ ከእርጅና የተወለደ ውሁድ የሰጠው ምስክርነት

መግቢያ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ደጋ ያደገ ሰው ስለ መድኃኒት ባሕርይ የሚቀበለው የመጀመሪያ ትምህርት ከኮሶ የሚገኝ ነው። ኮሶ የሚጠጣበት ቀን ሲደርስ የቤቱ እመቤት አበባው የዘንድሮ መሆኑን አይታና አሽትታ ታረጋግጣለች። የከረመ ኮሶ ኀይሉ ስለሚደክም ጠጪውን ያንገላታዋል እንጂ ትሉን አያወጣለትም። በዚህ ተራ በሚመስል ጥንቃቄ ውስጥ የመድኃኒት ሳይንስ ከሚያስተምራቸው ቁም ነገሮች አንዱ ተሰውሮ ይገኛል። ይኸውም ከዕፅዋት የሚገኝ መድኃኒት እንደ ማንኛውም ፍጡር ያረጃል፤ ሲያረጅም ዝም ብሎ አይጠፋም፤ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ከእንዲህ ዐይነቱ እርጅና የሚወለደውን አንድ ውሁድ ነው። ስሙ ካናቢኖል ይባላል፤ የሚገኘውም ካናቢስ ከተባለው ዕፅ ነው። ስለ ካናቢስ ሲነሣ የሙያ ባልደረቦቻችን ወዲያው የሚያስታውሱት አስካሪውን ቴትራሃይድሮካናቢኖልን፣ ወይም በቅርብ ዓመታት ስሙ የገነነውን ካናቢዲዮልን ነው። ካናቢኖል ግን ከሦስቱ አስቀድሞ የተገኘና የተሰየመ ሲሆን በዝና ከሁሉ ታናሽ ሆኖ ቀርቷል። ይሁን እንጂ የዚህ ችላ የተባለ ውሁድ ጠባይ ከቀድሞው በጌምድር ታሪክ ጋር የሚገናኝበት መንገድ አለ። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ካለ ዋሻ የወጡ ሁለት የሸክላ ጋያዎች ስለ ካናቢስ ታሪክ በተጻፉ የዓለም መጻሕፍት ሊጠቀሱ የበቁት በኬሚስትሪ ምርመራ ነውና።

የጽሑፉ ዋና ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው። ካናቢኖል ስካር ለሚፈልግ ሰው ዋጋ ቢስ ነው፤ የእንቅልፍ መድኃኒት ለሚፈልግ ገና ያልተረጋገጠ ተስፋ ነው፤ ታሪክን ለሚመረምር ግን ጠቃሚ ምስክር ነው። ምስክርነቱም የሚጸናው እኛው ራሳችን በገዛ እጃችን አጥበን እስካላጠፋነው ድረስ ብቻ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳውያን አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲል ያስፈልጋል።

ስለ ዕፁና ስለ ስሙ

ካናቢስ መነሻው እስያ ነው። ሰዎች ግንዱን ለገመድና ለጨርቅ፣ ፍሬውን ለዘይትና ለምግብ፣ ሙጫውን ደግሞ ለመድኃኒትና ለስካር ሲጠቀሙበት ብዙ ሺህ ዓመታት አልፈዋል። ሙጫው በብዛት የሚገኘው በሴቴዋ ተክል አበባ ላይ ካሉት፣ በዐይን እምብዛም ከማይታዩት ጥቃቅን ዕጢዎች ነው። የዕፅዋት ተመራማሪዎች ዛሬ በዘረመል ማስረጃ ባስተካከሉት አመዳደብ መሠረት የካናቢስ ቤተሰብ ለቢራ መራራነት የሚሰጠውን ሆፕ የሚጨምር ሲሆን፣ በሀገራችን ጫካ የታወቀው ቀውትም ከዚሁ ቤተሰብ ተቈጥሯል። ለጠላና ለጠጅ የምንጠቀምበት ጌሾ ግን የሆፕን ሥራ ይሥራ እንጂ ከዚህ ቤተሰብ አይደለም።

በሀገራችን የዚህ ዕፅ ስም ያልጠራ መሆኑ ለባለሙያ አሳሳቢ ጉዳይ ነው። ሐሺሽ የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው። ዕፀ ፋርስ የሚለው ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ለካናቢስ፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ለአስተናግር ሲነገር ይሰማል። ሁለቱ ግን በዝርያም ሆነ በኬሚስትሪ አይገናኙም። አስተናግር በየመንደሩ ጥራጊ መጣያና በየአጥሩ ሥር የሚበቅል፣ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ ብርቱ መርዞች ያሉበት ተክል ነው። እርሱን የቀመሰ ሰው አፉ ይደርቃል፤ የዐይኑ ብሌን ይሰፋል፤ ልቡ ይመታል፤ ይቃዣል፤ መጠኑ ከበዛም ሊሞት ይችላል። በካናቢስ ሰክሯል ተብሎ ወደ ሐኪም የቀረበ ሰው በእውነቱ አስተናግር የወሰደ ቢሆን፣ የስም ስሕተቱ የሕክምና ስሕተት ሊሆን ነው። ስለዚህ ታሪክ ጸሐፊም ሆነ የመድኃኒት ባለሙያ በጥንት መጽሐፍ ወይም በባላገር አፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ስም ሲያገኝ፣ ከስሙ አስቀድሞ ተክሉን ማየት ይገባዋል።

ካናቢኖል እንዴት ታወቀ

በ19ኛው መቶ ዓመት የኤውሮጳ ኬሚስቶች ከየዕፅዋቱ የፈዋሽነቱን ምንጭ ለይተው በማውጣት ታላቅ ድል አግኝተው ነበር። ሞርፊን ከኦፒየም፣ ኪኒን ከሲንኮና ቅርፊት በየተራ ወጡ። እነዚህ ሁሉ አልካሎይድ በመባል የሚታወቁ፣ ከአሲድ ጋር ጨው ሠርተው በቀላሉ የሚረጉ ናቸው። ካናቢስ ግን በዚህ መንገድ እጁን አልሰጠም። የሚያሰክረው ነገር እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ፣ ከውኃ ጋር የማይዋሐድ፣ ለመርጋትም እንቢ የሚል ዘይት ነበርና።

በ1896 ዉድ፣ ስፓይቪና ኢስተርፊልድ የተባሉ የኬምብሪጅ ተመራማሪዎች ከህንድ የካናቢስ ሙጫ ቀይ ዘይት አንጥረው አወጡ። ስሙንም ካናቢኖል አሉት፤ የሚያሰክረው ነገር እርሱ እንደ ሆነም ገመቱ። ነገር ግን በ1899 ቀይ ዘይቱ የብዙ ነገሮች ድብልቅ መሆኑን እነዚያው ሰዎች ተረዱ፤ ካናቢኖል የሚለውንም ስም ከድብልቁ ውስጥ አጥርተው ላወጡት ለአንዱ ውሁድ ብቻ ሰጡት። በ1932 ካን የተባለው እንግሊዛዊ ኬሚስት የሞለኪውሉን አሠራር አብዛኛውን ክፍል አብራራ። በ1940 ደግሞ በአሜሪካ ሮጀር አዳምስ፣ በእንግሊዝ አሌክሳንደር ቶድ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ውሁዱን በቤተ ሙከራ ለመሥራት ቻሉ። ቶድ በሌላ ሥራው በ1957 የኖቤልን ሽልማት ያገኘ ሰው ነው።

ድሉ ግን ጉድለት ነበረበት። በሙከራ ሲታይ የተጣራው ካናቢኖል እንደ ሙጫው የሚያሰክር ሆኖ አልተገኘም። ለ40 ዓመት ያህል የተደከመበት ውሁድ የተፈለገው እርሱ አለመሆኑ ተረጋገጠ። እውነተኛው አስካሪ ቴትራሃይድሮካናቢኖል ተጣርቶ አሠራሩ የታወቀው በ1964 ሲሆን፣ ሥራውን የፈጸሙት ጋኦኒና መሹላም የተባሉ የእስራኤል ተመራማሪዎች ናቸው። ታዲያ የፊተኞቹ ኬሚስቶች ከአስካሪው በፊት ካናቢኖልን ያገኙት ለምንድር ነው? መልሱ በዕፁ እርጅና ውስጥ ይገኛል።

የውሁዱ ኬሚስትሪ

በእርጥቡ ተክል ውስጥ አስካሪው ነገር ገና አስካሪ ሆኖ አይገኝም። የሚገኘው በአሲድነት መልኩ ነው። ሙቀት ሲያገኘው፣ ወይም ደርቆ ሲቈይ፣ አሲዱ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይለቅና ቴትራሃይድሮካናቢኖል ይሆናል። ይህም ውሁድ 21 የካርቦን፣ 30 የሃይድሮጅንና 2 የኦክሲጅን አተሞች አሉት። ከዚያ በኋላ የአየሩ ኦክሲጅንና ብርሃኑ ተባብረው ይሠሩበታል፤ ቀስ በቀስም 4 የሃይድሮጅን አተሞች ይወሰዱበታል። የቀረው 21 ካርቦን፣ 26 ሃይድሮጅንና 2 ኦክሲጅን ያለው ካናቢኖል ነው።

የአራቱ ሃይድሮጅን መጥፋት ጥቂት ቢመስልም የሞለኪውሉን ጠባይ በእጅጉ ይለውጠዋል። ከሞለኪውሉ ቀለበቶች አንዱ ጠፍጣፋና የጸና፣ ኬሚስቶች አሮማቲክ የሚሉት ቀለበት ይሆናል። እንዲህ ያለ ቀለበት በቀላሉ አይፈርስም። ስለዚህ አስካሪው ውሁድ በአየርና በብርሃን ፊት ደካማ ሲሆን፣ ከእርሱ የሚወለደው ካናቢኖል ከወላጁ ይልቅ ብርቱ ነው። ቅቤ ሲቈይ እንደሚሻግት፣ ካናቢስም ሲቈይ ካናቢኖል ያበዛል። ተክሉ ራሱ በሕይወት ሳለ የሚያዘጋጀው ካናቢኖል እጅግ ጥቂት ነው።

ይህ ለውጥ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄድ በአሜሪካ የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሮስና ኤልሶህሊ በ1990ዎቹ መጨረሻ ባወጡት ጥናት ተለክቷል። በክፍል ሙቀት የተቀመጠ ካናቢስ ከአስካሪው ውሁድ ውስጥ በ1 ዓመት 16.6 በመቶ፣ በ2 ዓመት 26.8 በመቶ፣ በ3 ዓመት 34.5 በመቶ፣ በ4 ዓመት ደግሞ 41.4 በመቶ ያህል አጥቶ ተገኝቷል። በዚያው ልክ የካናቢኖሉ መጠን ከፍ እያለ ይሄዳል። በዚህም ምክንያት የሁለቱ ውሁዶች ንጽጽር በመዝገብ ቤት የተቀመጠ ናሙና ምን ያህል እንደ ቈየ ለመገመት ያገለግላል። እሳትም ይህን ለውጥ ያፋጥነዋል፤ በሚጨስበት ጊዜ ከአስካሪው ውሁድ ከፊሉ እዚያው ላይ ወደ ካናቢኖል ይለወጣልና።

ለመርማሪ የሚመች አንድ ተጨማሪ ጠባይም አለ። በስስ ንጣፍ ላይ በሚሠራው ክሮማቶግራፊ እያንዳንዱ የካናቢስ ውሁድ በየራሱ ርቀት ይቆማል። ፋስት ብሉ የተባለው ማቅለሚያ ሲረጭበትም አስካሪው ቀይ፣ ካናቢዲዮል ብርቱካንማ፣ ካናቢኖል ወይን ጠጅ ቀለም ያሳያሉ። አንድ ጠርሙስ ፈሳሽና አንድ ንጣፍ ያለው ትንሽ ቤተ ሙከራ እንኳ የመጀመሪያውን ጥያቄ መጠየቅ ይችላል ማለት ነው።

በሰው አካል ላይ ያለው ውጤት

የካናቢስ ውሁዶች በአካላችን የሚሠሩት ተቀባይ በተባሉ ፕሮቲኖች አማካይነት ነው። የመጀመሪያው ተቀባይ በ1990 ተለይቶ የታወቀ ሲሆን በአንጎል ውስጥ በብዛት ይገኛል። ሁለተኛው በ1993 የታወቀ ሲሆን በይበልጥ የሚገኘው ሰውነት በሽታን በሚከላከልባቸው ሕዋሳት ላይ ነው። ካናቢኖል ከሁለቱም ጋር ይጣበቃል፤ ነገር ግን በአንጎሉ ተቀባይ ላይ ያለው ኀይል ከአስካሪው እጅግ ያነሰ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ግምት ከ10 እጅ 1 እጅ ያህል ነው።

በ1975 የብራዚል ተመራማሪዎች ካርኒዮልና ካርሊኒ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ5 ፈቃደኛ ወንዶች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ 50 ሚሊግራም ካናቢኖል ለብቻው ሲሰጥ የጎላ ስሜት አላሳየም። ከ25 ሚሊግራም አስካሪው ውሁድ ጋር ሲሰጥ ግን ሰዎቹ የመጫጫን፣ የመስከርና የማዞር ስሜት እንደ በዛባቸው ተናግረዋል። ያረጀ ካናቢስ ያንቀላፋል የሚለው ወሬ የሚደገፈው ቢኖር በእንዲህ ያለው ጥምረት ነው።

ይህን ወሬ ይዘው ዛሬ ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩባት አሜሪካ ነጋዴዎች ካናቢኖልን በከረሜላና በጠብታ መልክ የእንቅልፍ መድኃኒት ብለው ይሸጡታል። ሳይንሱ ግን ከንግዱ ኋላ ነው። በ2021 የቀረበ አንድ የጽሑፎች ግምገማ ይህን አባባል የሚያጸና በቂ ማስረጃ እንደሌለ አሳይቷል። በ2023 በታተመ፣ በዕጣ በተደለደለና ከማስመሰያ መድኃኒት ጋር በተነጻጸረ ሙከራ፣ ለ7 ሌሊት በየቀኑ 20 ሚሊግራም ካናቢኖል የወሰዱ ሰዎች በሌሊት የሚነቁበት ጊዜ ቀንሶላቸዋል፤ በዋናው መለኪያ፣ ማለት በእንቅልፍ ጥራት፣ የታየው ልዩነት ግን የሚያስተማምን አልነበረም። በ2024 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ እንቅልፍን እንደሚያበዛ አሳይተዋል። በ2008 ደግሞ ካናቢኖልን ጨምሮ አምስት የካናቢስ ውሁዶች ሜቲሲሊንን የተላመደውን ስታፊሎኮከስ በቤተ ሙከራ ሳሕን ላይ እንደሚገቱ የጣልያንና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ዘግበዋል። እነዚህ ሁሉ ተስፋ የሚሰጡ ናቸው፤ ግን ማዘዣ ለመጻፍ የሚያበቁ አይደሉም።

ስለዚህ ከባሕር ማዶ በዘመድ እጅ የመጣ እንዲህ ያለ ከረሜላ ይዞ ምክር የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ፣ ልንነግረው የሚገባን ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከመጠጥና ከሌሎች የሚያስተኙ መድኃኒቶች ጋር ሲደመር ድንዛዜን ሊያበዛ ይችላል። ሁለተኛ፣ በደንብ ካልተጣራ አስካሪውን ውሁድ ይዞ ሊገኝ ይችላል። ሦስተኛ፣ በ2004 የወጣው የሀገራችን የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 መርዛማና አደንዛዥ ነገሮችን በሚመለከት ከባድ ቅጣት ደንግጓል። ውጭ ሀገር በሱቅ መሸጡ እዚህ የተፈቀደ አያሰኘውም።

የበጌምድር ጋያ

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ። ጆአን ዶምብሮውስኪ የተባለች የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ በዚያን ጊዜ በጌምድር በሚባለው ጠቅላይ ግዛት በሚገኙ ሁለት ዋሻዎች ቁፋሮ አካሂዳ፣ የመጀመሪያ ዘገባዋን በ1970 አናል ዴትዮጲ በተባለው መጽሔት አወጣች። ከዋሻዎቹ አንዱ ላሊበላ ዋሻ ይባላል። በላስታ ከሚገኘው ከታወቀው የላሊበላ ከተማ ጋር መምታታት የለበትም። ይህ ዋሻ ለእርሻችን ታሪክም ትልቅ ስፍራ አለው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው የመጨረሻ ሺህ ዓመት ውስጥ ሰዎች በዚያ ገብስና ሽምብራ ይበሉ እንደ ነበር የሚያሳዩ ፍሬዎች የተገኙት ከእርሱ ነውና።

ከዚሁ ዋሻ ከላይኛው ንብርብር ሁለት የሸክላ ጋያ ራሶች ወጡ። ጋያ ምን እንደ ሆነ ለደጋው ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ውኃ በያዘ ቅል ላይ የሸክላ ራስ ተተክሎ፣ ጢሱ በውኃው ውስጥ አልፎ በመምጠጫው የሚሳብበት መሣሪያ ነው። በራሶቹ ውስጥ ጥቀርሻ ተጣብቆ ነበር። የኬሚስትሪና የአርኪዮሎጂ ባለሙያው ኒኮላስ ቫን ደር ሜርወ ይህን ጥቀርሻ በስስ ንጣፍ ክሮማቶግራፊ መርምሮ የካናቢስ ውሁዶች አሻራ አገኘበት። ውጤቱ የታተመው በ1975 ቬራ ሩቢን ባዘጋጀችው፣ ስለ ካናቢስና ስለ ባህል በተጻፈው የጥናት ስብስብ ውስጥ ነው። ጋያዎቹ በራዲዮካርቦን ልኬት የተሰጣቸው ዕድሜ 1320 ሲሆን፣ ልኬቱ ወደ ፊትም ወደ ኋላም 80 ዓመት ያህል ሊዛነፍ ይችላል።

ይህ ቁጥር ምን ማለት ነው? መካከሉ ከዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን (ከ1314 እስከ 1344) ጋር ይገጥማል። ዳርና ዳሩ ሲወሰድ ደግሞ ከዛጔ መንግሥት መጨረሻ እስከ ዐፄ ዳዊት ዘመን ይደርሳል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ከትምባሆ ጋር ያለው ንጽጽር ነው። ትምባሆ የአሜሪካ ተክል ነው፤ ወደ ቀረው ዓለም የተሻገረው ኮሎምቦስ ከተጓዘበት ከ1492 በኋላ ነው። እንግዲህ ልኬቱ ትክክል ከሆነ፣ በጋያ ማጨስ ከትምባሆ ጋር ወደ ሀገራችን የገባ ልማድ አይደለም፤ ከትምባሆ ቢያንስ በ100 ዓመት የሚቀድም ነው። ትምባሆ ሲመጣ መሣሪያውን ተዘጋጅቶ ቈየው ማለት ነው። ካናቢስ ራሱ እንግዳ ተክል እንደ መሆኑ፣ ከእስያ በህንድ ውቅያኖስና በቀይ ባሕር ንግድ በኩል መጥቶ ሊሆን እንደሚችል ይገመታል። ይህም የበጌምድር ደጋ በዚያ ዘመን ከሩቅ ገበያ ጋር ግንኙነት እንደ ነበረው የሚጠቁም ትንሽ ምልክት ይሆናል።

የምስክርነቱ ሚዛን

እንዲህ ያለ ትልቅ ታሪክ በሁለት የሸክላ ራሶች ላይ ሲቆም፣ መሠረቱን መመርመር የሙያ ግዴታ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ፣ የስስ ንጣፍ ክሮማቶግራፊ በዘመኑ ጥሩ መሣሪያ ነበር፤ ዛሬ ግን ለማጣሪያ እንጂ ለመጨረሻ ፍርድ አይበቃም። የዛሬው ባለሙያ ውሁዶቹን በጋዝ ክሮማቶግራፊ ለይቶ፣ የእያንዳንዱን ሞለኪውል ክብደት በማስ ስፔክትሮሜትር ካልመዘነ አይረካም። በሁለተኛ ደረጃ፣ በዚያን ጊዜ በነበረው የራዲዮካርቦን ዘዴ በጣት ጥፍር ላይ የሚያርፍ ጥቀርሻ ራሱን ችሎ ዕድሜው ሊለካ አይችልም ነበር፤ ብዙ ናሙና ይፈልግ ነበርና። ዛሬ ግን ሚሊግራም የማይሞላ ካርቦን ይበቃል። ትንሽ ዕቃ በአይጥ ጉድጓድም ሆነ በሰው ቁፋሮ ከላይኛው ንብርብር ወደ ታችኛው ሊወርድ ስለሚችል፣ ጥቀርሻውን ራሱን መለካት ጥርጣሬውን ያስወግደዋል።

በሌሎች ሀገሮች የተደረጉ ምርመራዎች ይህ መንገድ የት እንደሚያደርስ ያሳያሉ። በምዕራብ ቻይና፣ በቱርፋን አጠገብ በሚገኘው የያንግሃይ መቃብር ከ2,700 ዓመት ያህል በፊት ከሟች ጋር የተቀበረ 789 ግራም ካናቢስ ተገኝቶ፣ በ2008 በታተመው ጥናት ካናቢኖል እንዳለበት ታውቋል፤ አስካሪው ግን በዘመን ብዛት ጠፍቷል። በፓሚር ተራራዎች ላይ ከ2,500 ዓመት በፊት በመቃብር ሥርዐት የጋለ ድንጋይ የተቀመጠባቸው የእንጨት ማጨሻዎች በ2019 ተመርምረው ካናቢኖል ተገኝቶባቸዋል። በእስራኤል በቴል አራድ ጥንታዊ መቅደስ ከነበሩት ሁለት መሠዊያዎች በአንዱ ላይ የዕጣን፣ በሌላው ላይ ከእንስሳ እበት ጋር የተቀላቀለ የካናቢስ ቅሬታ መኖሩ በ2020 ተዘግቧል። በዚያም ካናቢኖል ከምስክሮቹ አንዱ ነበር። በሦስቱም ቦታ ያረጀው ውሁድ የጥንቱን ሥራ ገልጧል።

ሆኖም ካናቢኖል የሚናገረውንና የማይናገረውን መለየት ይገባል። በዚህ ዕቃ ውስጥ ካናቢስ ነበረ ብሎ መመስከር ይችላል። ማን እንዳጨሰው፣ ለሕመም ይሁን ለደስታ፣ በግልጽ ይሁን በስውር፣ ነዋሪ ይሁን መንገደኛ ነጋዴ፣ ይህን ሊናገር አይችልም። በሁለት ጋያ ምክንያት የበጌምድር ሕዝብ ሁሉ አጫሽ ነበር ማለት፣ በአንድ ጉንዳን ክረምቱን መተንበይ ነው። በአንጻሩም ነገሩ ያሳፍራል ብሎ ማስረጃውን መሰወር ታሪክን መበደል ነው። አንዳንዱ ግኝቱን ለዛሬ ልማዱ ማጽደቂያ ሊያደርገው ይሻል፤ ሌላው ደግሞ ለሀገር ስም ተቈርቁሮ ሊክደው ይሻል። የሳይንስ ሰው ከሁለቱም ጋር አይተባበርም።

ስለ ጋይንት፣ ስለ ስማዳና ስለ እስቴ

ላሊበላ ዋሻ በእነዚህ ሦስት ወረዳዎች ውስጥ አይደለም። ነገር ግን ሦስቱም የዚያው የጥንቱ በጌምድር አካል ናቸው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከጉና ተራራ ጫፍ ጀምሮ እስከ ዐባይና በሽሎ ገደል የሚወርደው ይህ ምድር የገደል፣ የፍልፍልና የዋሻ ሀገር ነው። በክፉ ቀን ሰው የተሸሸገበት፣ እረኛ ዝናም ያሳለፈበት፣ መነኵሴ ሱባዔ የገባበት ዋሻ በየሸለቆው አለ። ሰው ባለፈበት ሁሉ ምድጃና ሸክላ ይቀራል። በጋይንት ቤተልሔም የድጓ መምህራን ዜማውን ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳያዛንፉ እንዳቈዩት፣ በዋሻዎቹም ውስጥ ማንም ያላነበበው መዝገብ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ይህን መዝገብ የሚያጠፋው ክፋት አይደለም፤ ንጽሕና ነው። ማጨስ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተነቀፈ ነገር በመሆኑና ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም ትምባሆን በብርቱ ቅጣት ስለ ከለከሉ፣ ጋያ እንደ ጽዋና እንደ መስቀል በክብር የሚቀመጥ ቅርስ ሆኖ አያውቅም። አሮጌ የጋያ ራስ ያገኘ ሰው ይጥለዋል፤ ደግ ነገር ላድርግ ያለው ደግሞ በአመድና በውኃ ፈትጎ አጥቦ ይሰጠዋል። ካናቢኖል በውኃ አይሟሟም ቢባልም ፍተጋና ሳሙና ግን ጥቀርሻውን ያነሡታል። ከ600 ዓመት በላይ የጸና ምስክር በአንድ ማለዳ ይጠፋል።

በየወረዳው ጤና ጣቢያና መድኃኒት ቤት የሚሠሩ የማኅበራችን አባላት ይህን ለመከላከል ከማንም ይልቅ የተመቹ ናቸው። ሕዝቡ ያምናቸዋል፤ ስለ ናሙና አያያዝም የተማሩ ናቸው። የሚጠበቅባቸውም ብዙ አይደለም። አሮጌ ጋያ ወይም ሌላ ጥቀርሻ ያለበት ሸክላ ሲገኝ እንዳይታጠብና በባዶ እጅ እንዳይነካካ መምከር፤ ከብርሃን ተከልሎ በንጹሕ ወረቀት እንዲጠቀለል ማድረግ፤ የተገኘበትን ስፍራና ጥልቀት መጻፍ፤ ከዚያም በ2000 በወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ 209 መሠረት ለሚመለከተው የቅርስ መሥሪያ ቤት ማስታወቅ ነው። ዋሻ ገብቶ መቈፈር ግን የእኛ ሥራ አይደለም፤ ያለ ፈቃድ መቈፈር ሕግን መተላለፍ ብቻ ሳይሆን ያንኑ የምንፈልገውን መዝገብ መቅደድ ነው።

መደምደሚያ

ካናቢኖል በታሪኩ ሁለት ጊዜ ተፈርዶበታል። በመጀመሪያ የስካር ምንጭ ነው ተብሎ ያለ አግባብ ተከበረ፤ ቀጥሎ የማይረባ ዝቃጭ ነው ተብሎ ያለ አግባብ ተናቀ። አሁን ደግሞ የእንቅልፍ መድኃኒት ተብሎ ማስረጃው ሳይሟላ ሦስተኛ ስም እየወጣለት ነው። የዚህ ሁሉ ትምህርት አንድ ነው፤ ውሁዱን በሚሠራው እንጂ በሚወራለት መመዘን አይገባም።

የቤቱ እመቤት የከረመውን ኮሶ መጣሏ ትክክል ነው፤ እርሷ የምትፈልገው ፈውስ ነውና። ታሪክን የሚፈልግ ሰው ግን የከረመውን መጣል የለበትም። ለእርሱ ከኀይሉ የደከመው፣ ከሽታው የራቀው፣ በሸክላ ጥግ የደረቀው ጥቁር ጥቀርሻ ከእርጥቡ ተክል ይልቅ ብዙ ይነግረዋል። የበጌምድርን ሁለት ጋያዎች የመረመረው ባለሙያ የውጭ ሀገር ሰው ነበር፤ ያም ሥራ ከተሠራ ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ አልፏል። ሦስተኛው ጋያ ከጋይንት ይሁን ከስማዳ ወይም ከእስቴ ሲገኝ፣ ጥቀርሻው ሳይነካ በእኛው ሀገር ቤተ ሙከራ፣ በእኛው ባለሙያ እጅ እንዲመረመር መዘጋጀት የዚህ ትውልድ ድርሻ ነው።